የፌርማታው ስም

አንዲት መበለት ከታክሲ ፌርማታ አጠገብ በቆርቆሮ ቤት ሻይና ብስኩት እየሸጠች፣ እግዜር ይመስገን፣ ልጆቿን ታሳድግ ነበር። ተሳፋሪውም ታክሲ እስኪመጣ እሷ ዘንድ አረፍ ይላል። አንድ ቀን ሰፈሩን እንዲያድሱ የተሾሙት አቶ ግዛቸው ከነአጃቢዎቻቸው መጥተው ደጇ ላይ ቆሙ።

«ይቺ ቆርቆሮ የሰፈሩን መልክ አበላሽታለች፤ ነገ ትፈርሳለች» አሉ። ተሰልፎ የነበረው ሰው ሲያጉረመርም ደግሞ፣ ደግ ለመምሰል፣ «እስቲ አንቺ ሴትዮ፣ ብትፈርስ እኔ ምን እንደሚጎድልብኝ ንገሪኝና ልተዋት» አሏት።

ሴትዮዋ የያዘችውን ብርጭቆ አለቅልቃ አስቀመጠች።

«እርስዎስ ምንም አይጎድልብዎትም ጌታዬ፤ እንዲያውም ስም ይተርፍዎታል። እዚያ ማዶ የነበረው ወፍጮ ቤት ከፈረሰ ስንት ዘመኑ፣ ታክሲው ግን ዛሬም ‹ወፍጮ ቤት› እያለ ይጭናል። ነገ ይቺን ሲያፈርሷት ደግሞ ረዳቱ ከጠዋት እስከ ማታ በመስኮት ብቅ እያለ፣ ‹ግዛቸው ያፈረሰው፣ ግዛቸው ያፈረሰው!› ማለቱ አይቀርም። መቼም የታክሲ ረዳት አንቱታ አያውቅም፤ እሱን ከወዲሁ ይቅር ይበሉልኝ።»

አቶ ግዛቸው ወደ አጃቢዎቻቸው ዞሩ፤ ሁሉም ሳቁን ሊደብቅ አቀርቅሯል።

«በሉ፣ ቀለም ብቻ ቀቧት» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።