ቀብር የሌለበት ሰፈር

አንድ ጊዜ መውለጃዋ የተቃረበ አህያ የሚከራይ ቤት ፍለጋ ወጣች። ከአሥር ቀን በላይ እንደማይቀራት ሆዷ ይነግራታል፤ ሜዳ ላይ እንዳትወልድ ሰግታለች።

መጀመሪያ ታች ሰፈርን አየች። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ ፍየሎቹ በአንዲት ቅጠል ይጣላሉ። ከሁሉ የባሰው ግን አውራ ዶሮው ነው። «የእድሩ ጡሩምባ ነፊ እኔ ነኝ!» አላትና እዚያው ጆሮዋ ሥር ጮኸ። የአህያ ጆሮ ደግሞ ትንሽ አይደለም።

«እዚህማ ልጄ እንቅልፍ አያገኝም» ብላ ወጣች።

ደላላው ቀበሮ መንገድ ላይ ጠበቃት። «እትዬ አህያ፣ ላይ ሰፈርን ሳያዩ ቤት አየሁ እንዳይሉ!»

እውነትም ላይ ሰፈር ያምራል። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፣ ምንጩ ደጅ ላይ ነው፣ ኮሽ የሚል ነገር የለም። የአህያዋ ልብ ተሰረቀ። ደጃፉ ላይ እስከ ዓይኑ ድረስ ጋቢ የተከናነበ ሽማግሌ ተቀምጧል። ቀበሮ «ጎረቤትዎ ናቸው፤ ብርድ አይወዱም» አላት።

ሽማግሌው አያ ጅቦ ነበር። «እስክትወልድ ታገስ፣ ሁለት ይሆኑልሃል፤ ለእኔ ጉበቱ ይበቃኛል። የጠየቀችህን ሁሉ ሞልቷል በላት» ብሎ ሲያስጠናው የሰነበተው ቀበሮ ነው።

«አባቴ፣ ውሃ አለ?» አለች አህያዋ።

«ሞልቷል!»

«ሣርስ?»

«ሞልቷል!» አያ ጅቦ ትምህርቱን ስላልረሳ ኮራ።

አህያዋ እሺ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ሰፈር የሚለውጥ ሁሉ የሚጠይቀው ነገር ትዝ አላት። «እድራችሁስ እንዴት ነው? የሞተውን ማን ይቀብራል?»

አያ ጅቦ ግራ ገባው። ሞልቷል እንዳይል ነገሩ አልጥም አለው፤ ስለዚህ ከራሱ ጨመረበት። «እድር ምን ያደርጋል? እዚህ ሰፈር ተቀብሮ የሚያውቅ የለም። ምን ተርፎ ይቀበራል?»

ቀበሮ ዓይኑን ጨፈነ።

አህያዋ ጋቢው ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ገባት። «መልካም አባቴ፣ ዕቃዬን ይዤ ልምጣ» አለችና ቁልቁለቱን ወረደች። ያን ሆድ ይዛ እንዴት እንደሮጠች እሷም አታውቀውም።

ታች ሰፈር ገብታ በሳምንቷ በሰላም ወለደች። በሦስተኛው ቀን አያ ጅቦ ያንኑ ጋቢ ተከናንቦ ደጇ ላይ ቆመ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አለ፣ ምራቁን እየዋጠ።

አውራ ዶሮው ከጋቢው ሥር የወጣውን ጅራት አየና ያለ የሌለ ድምፁን ለቀቀው። የሰፈሩ ውሾች ከያሉበት ወጡ፣ ፍየሎቹ ጠባቸውን ትተው ቀንዳቸውን ደግነው ደረሱ። አያ ጅቦ ጋቢውን ጥሎ ፈረጠጠ። ጋቢውንም ለውርንጭላው አነጠፉለት።

«እትዬ፣ በጩኸቴ ልጁን ቀሰቀስኩት መሰለኝ» አለ አውራ ዶሮው አፍሮ።

«ጩህ ወንድሜ» አለች አህያዋ፣ እንባዋ እየመጣ፤ «ዕድሜ ልክህን ጩህ!»

ከዚህ የምንማረው ቤት ስንመርጥ ስለ ሣሩና ስለ ጸጥታው ከመጠየቃችን በፊት፣ በክፉ ቀን ጩኸት ሰምቶ የሚወጣ ጎረቤት መኖሩን መጠየቅ እንዳለብን ነው።