ኮፈኑ ላይ የተነፋው ጥቁር

የምትወስደው ጊዜ የማያስቆጫችሁ አንዲት ታሪክ ላካፍላችሁ። ስለ መኪና ቀለም ናት፤ መኪና የሌላችሁም ግን አንብቧት።

አንድ ባልና ሚስት የመኪና ቀለም ቤት ነበራቸው። ባል ጥላዬ፣ ሚስት አስካለ ይባላሉ። በቅርቡ የቀቡት አንድ በር ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ኩሬ ውሃ ሞገድ እየሠራ መሣቂያ አደረጋቸውና ደንበኛ ራቃቸው። በመጨረሻ ሐጂ ነስሩ የሚባሉ የጭነት መኪና ባለቤት የመኪናቸውን የሞተር ክዳን፣ ኮፈኑን፣ አሸክመው መጡ።

«ይኼን ሞክሩ። ካማረ ሙሉ መኪናውን እሰጣችኋለሁ። ይኼም ሞገድ ከሠራ ግን እኔም ሄድኩ፣ እናንተም ቤቱን ዝጉት» አሉ።

ባልና ሚስቱ አሸዋ በኃይለኛ አየር እየረጩ የኮፈኑን ዝገት አስለቀቁት። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ እንዲህ የተራቆተ ብረት በባዶ እጅ አይነካም፤ የእጅ ላብ ብቻውን ዝገት ይጠራበታል። አሸዋው ስለቧጠጠውም እንደ ድመት ምላስ ሻካራ ነው። ስለዚህ ወዲያው አቧራውን ጠርገው ወፍራም የመሠረት ቀለም ደረቡበት። ሲደርቅ ጥላዬ በብርጭቆ ወረቀት አሸው። መዳፉን አሳለፈበትና «ሐር ሆኗል፤ ዋናውን ቀለም አምጪ» አለ።

አስካለ ግን ጥቁር ቀለም አንስታ በስሱ ነፋችበት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጤነኛ ነሽ? ስንት የደከምኩበትን ታጠቁሪዋለሽ?»

«ባለፈው ጥላሸት የነካው ብረት ስወለውል፣ ጥላሸቱ የቀረው የጎደጎደው ቦታ ላይ ብቻ ነበር። እስቲ ይኼንንም እንየው። ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለህ እሸው።»

እያጉረመረመ አሸው። ጥቁሩ ከሌላው ቦታ ሁሉ ለቀቀ፤ መሀል ላይ ግን ጠቃጠቆ ቀረ። ጥላዬ ተናዶ ወረቀቱን በጣቱ ጠቃጠቆው ላይ ሊጫን ሲል እጁን ያዘችው።

«በጣትህ ብትገባበት ጥቁሩ ይለቃል። ጉድጓዱስ?»

ጥላዬ ወረቀቱን አስቀመጠ። «ያንን በር በጣቴ ነበር ያሸሁት» አለ። «ጣቴ ጉድጓዱ ውስጥ አብሮ ይወርድ ነበራ።»

«ወርዶም ለስላሳ ነው ይልህ ነበር። ጣትህ ካንተ የባሰ ጉረኛ ነው።»

ሳቀ። ጉድጓዶቹን በስቱኮ ሞልተው መሠረቱን ደገሙት። በዚህኛው ዙር ጥቁሩን የነፋው ጥላዬ ራሱ ነው። ሲያሸው አንድም ነጥብ አልቀረም። ከዚያ ዋናውን ቀለም ቀቡት።

ሐጂ ነስሩ ኮፈኑን ፀሐይ ላይ አስወጥተው ጎንበስ አሉ። የመንገዱ የመብራት ምሰሶ በመስታወት ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይታይበታል። ግራ ቀኝ እያሉ ቆዩና «ምሰሶው ቀጥ ብሏል» አሉ። «መኪናውን የት ላቁምላችሁ?»

ጉድለታችንን የሚያሳየን ሰው ያጠቆረን ይመስለናል። ስለዚህ ተሯሩጠን ጥቁሩን እናጠፋለን፤ ጉድጓዱ ግን እዚያው ይቀራል። እናንተስ በቅርቡ ማን ምን ቢላችሁ ነው የተቆጣችሁት? ዛሬውኑ ሂዱና «የቱ ጋ ነው ያየኸው?» በሉት። ይህን መጠየቅ ከከበዳችሁ ደግሞ በአሮጌ ቆርቆሮ ጀምሩ፦ ጥቁር ንፉበት፣ በጠፍጣፋ እንጨት እሹት፣ የቀረውን እዩ። ሞክሩት።