እያበራ የደነዘው ምላጭ

አንድ ደምለው የሚባል ጸጉር አስተካካይ ነበር። የሰው ጢም የሚላጭበትን ምላጭ የሠሩለት የከተማው ቀጥቃጭ ጋሽ ቢሻው ናቸው። ምላጩ ስለቱ ለጉድ ነው፤ ግን እርጥበት ከቆየበት ይዝጋል። ስለዚህ ደምለው ደንበኛ በሸኘ ቁጥር ያደርቀዋል፣ በጠፍር ላይ ፈተግ ፈተግ ያደርገዋል፣ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት ደግሞ ዘይት ይቀባዋል። የረሳ እንደሆነ በማግስቱ ቡናማ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበት ያገኘዋል።

«ይኼስ እንደ ሕፃን ልጅ እሹሩሩ ካላሉት አይሆንም» እያለ ያማርር ነበር።

በኋላ ከማይዝግ ብረት የተሠራ የፋብሪካ ምላጭ ገዛ። በእርግጥም ግሩም ምላጭ ነበር። ውሃ ውስጥ ቢያድር ምንም አይሆንም፤ ስለቱም ሳይሳል ብዙ ይቆያል። ደምለው እፎይ አለ። አሮጌውን መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። አዲሱንም ጠረግ አድርጎ ከማስቀመጥ በቀር ነገሬ አላለውም። መስተዋት መስሎ እያበራ ምን ይደረግለታል?

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት አንድ ሙሽራ ከሚዜዎቹ ጋር ሊላጭ መጣ። ምላጩ አልቆርጥ ብሎ ጢሙን ይጎትት ጀመር። ደምለው ጫን አለው። ሙሽራው «እህ!» ሲል ደም ከጉንጩ ወርዶ ነጭ ሸሚዙ ላይ ተንጠባጠበ። ሚዜዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሙሽራው «አይዞህ፣ ምንም አይደል» ማለቱ ደምለውን ይበልጥ አሳፈረው።

ሁለቱንም ምላጮች ይዞ ቀጥቃጩ ዘንድ ሄደ።

«ጋሽ ቢሻው፣ ይኼ የፋብሪካ ብረት ጉድ ሠራኝ! የእርስዎው ይሻለኝ ነበር።»

ጋሽ ቢሻው የራሳቸውን ሥራ ገለጥ አድርገው አዩት። ዝገት በልቶታል። አዲሱንም በጥፍራቸው ሞከሩት።

«የእኔም አልተረፈም» አሉ። «ልጄ፣ በብረቱ አታመካኝ። አዲሱ እንዲያውም ከእኔው የበለጠ ታግሦሃል። የእኔው ሲጎዳ መልኩ ያሳብቅበት ነበር። ይኼኛው ግን እያበራ ደነዘ።»

የመሳያ ድንጋይ አቀበሉት። ደምለው ቁጭ ብሎ ራሱ ሳለው። ብረቱ ጠንካራ ነበርና ክንዱ እስኪዝል ለፋ። ሲጨርስ ስለቱን የሞከረው በገዛ ጉንጩ ላይ ነው።

እኛም በኑሯችን የሚያማርረውን ሰው ቶሎ እናባብላለን፤ ዝም ብሎ የሚሸከመውን ግን «እሱ ደህና ነው» ብለን እንተወዋለን። አለማማረሩ አለመድከሙ አይደለም። እስቲ ያስቡት፤ አጉረምርሞ ስለማያውቅ ብቻ «እንዴት ነህ?» ብለው ያልጠየቁት የቤትዎ ሰው ማን ነው?