የከተራው ትእዛዝ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሩቅ ሳይሆን፣ ሾላ በር የምትባል ከተማ ነበረች። እኔም የዚያው ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ከመሃል ተነስቶ «እንዲህ አልነበረም» የሚለኝ ካለ፣ ይምጣና እሱ ያውራ። ከከተማዋ በላይ የአንድ ሰዓት የመኪና መንገድ ርቆ ግድብ አለ። የግድቡ በሮች የሚከፈቱትና የሚዘጉት ከከተማው የውሃ ቢሮ በመስመር በሚላክ ትእዛዝ ነው። ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ በጥር ወር ስለሚደርቅ፣ ባሕረ ጥምቀታችን እዚያው አሸዋው ላይ ነው። ከተራ ሲሆን ታቦቱም፣ ካህናቱም፣ ሕዝቡም ወርዶ እዚያ ይሰፍራል።

ታዲያ በግንቦት ላይ ሀከሮች፣ እነዚያ የኮምፒውተር ሌቦች፣ መስመሩን ሰብረው በሩን ከፈቱት። ውሃው የሙዙን ተክል ሁሉ ጠርጎ ሄደ፤ ሰው ግን ተመስገን አልነካም። ከዚያ በኋላ «ዘንድሮ ታቦቱ ሌላ ቦታ ይውረድ» የሚል ወሬ ተነሳ። ጎረቤቴ ወይዘሮ የሺመቤት ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። ጉልበታቸው ከታመመ ቆይቷል፤ ያለ ደጋፊ አይነሱም። «እኔ እንደሆነ ሁልጊዜ እንደማደርገው ከፊት ነው የምቀመጠው! ሦስት ልጅ የወለድኩት ለምንድን ነው? ይጠብቁኝ!» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ ነገሩ ሁሉ ያለው በልጆቻቸው እጅ ነበር። የመጀመሪያው ይታየው የፊዚክስ ምሁር ነው። ሁለተኛዋ ስንዱ በውሃ ቢሮው የተረኞች ኃላፊ ናት። የመጨረሻው ዳምጤ ደግሞ እዚያው ግድቡ ላይ የበር ጠባቂ ነው።

ይታየው ከተማውን ሰብስቦ እንዲህ አለ፦ «ዛሬ መልእክት የምንቆልፍበት ቁልፍ ነገ የኳንተም ኮምፒውተር ሲመጣ ሊፈታ ይችላል። ደግነቱ ከዚያው ከኳንተም ትምህርት ሌላ ቁልፍ ይወጣል። ቁልፉን በብርሃን ቅንጣት አድርገን በመስታወት ክር ውስጥ እንልከዋለን። በመንገድ ላይ አጮልቆ ያየው ሰው ካለ፣ ብርሃኑ ይረበሽና እናውቅበታለን።»

ወይዘሮ የሺመቤት ብድግ ሊሉ ሞክረው ተመልሰው ተቀመጡ። «በእበት እንደተለቀለቀ ወለል ነዋ! ሳይደርቅ የረገጠው ሁሉ ዱካው ይቀራል።»

«አዎ እማዬ፣ እንደሱ ነው» አለ ይታየው። ከምሁሩ ልጃቸው ይልቅ የእሳቸው ማስረዳት ነው የገባኝ።

ሰባት ወር ለፍቶ ሠራው። ሲጨርስ ግን አንድ ነገር አስቀረ። ከግንቦቱ ጥፋት ወዲህ ትእዛዝ ሲደርስ ዳምጤ ወደ ቢሮው ደውሎ «እናንተ ናችሁ?» ብሎ ያረጋግጥ ነበር። ይታየው «ከእንግዲህ ስልክ አያስፈልግም። በዚህ ቁልፍ ታሽጎ የመጣ ትእዛዝ እውነት ነው፤ በሩ ራሱ ይከፈታል» አለ።

«እኔስ ታዲያ እዚህ ምን እሠራለሁ፣ ጋሼ?» አለው ዳምጤ።

«ግራሶ ትቀባለህ።»

ዳምጤ አኮረፈ። ኩርፊያው ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ስልኩን አጥፍቶ ሳምንት ሙሉ ከማንም ጋር አልተነጋገረም።

የከተራ ዕለት ጠዋት፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ እኛ አሸዋው ላይ ድንኳን እንተክላለን፣ ሴቶቹ ይጠርጋሉ። በዚያች ሰዓት መስመሩ ላይ ዱካ ታየ። ሌባው አጮልቆ ነበር። የይታየው ቁልፍ ግን ወዲያው ራሱን አበላሸ፤ አንድም ትእዛዝ አላለፈም። ይታየው መስመሩን ዘግቶ፣ ያጮለቁበትን ቦታ ፈልጎ አግኝቶ፣ በአዲስ ቁልፍ መልሶ ከፈተው። በዚያች ሰዓት በሩ ቢከፈት ኖሮ ማን ይነግረን ነበር? ማንም! መዶሻችንን እንደያዝን ነበር የምንሄደው።

ሌባው መንገዱ እንቢ ሲለው ዞሮ በራሱ በቢሮው በኩል መጣ። እስቲ ፍረዱ፣ በከተራ ቀን ቢሮ መዋል የሚፈልግ ማን አለ? አንዱ ተረኛ ይቀራል፣ ሌላው ታቦት ይሸኛል። ስንዱም ለተረኛው እንዲመቸው ብላ የራሷን ፓስወርድ የመሥሪያ ቤቱ ማኅበር የስልክ ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። «በዚህ ግቡ፤ የዓመት ሰው ይበለን» ብላ ጽፋ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። በዚያ ግሩፕ ውስጥ በየበዓሉ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል አንድ ሰው ነበር። ሁሉም የሌላው ዘመድ እየመሰለው፣ የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ለካ ሌባው ኖሯል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታቦቱ ድንኳኑ ገብቶ፣ እልልታው ቀልጦ፣ ወይዘሮ የሺመቤት ከፊት ተቀምጠው ሳለ፣ በስንዱ ስም «ሁለቱም በሮች ይከፈቱ» የሚል ትእዛዝ ወጣ። በይታየው ቁልፍ ታሽጎ፣ አንድም ዱካ ሳይኖርበት፣ ንጹሕ ሆኖ ግድቡ ደረሰ። ቁልፉ ምን ያድርግ? አድርስ የተባለውን አደረሰ።

ወዲያው የስንዱ ስልክ ጮኸ፤ በስሟ ትእዛዝ መተላለፉን የሚያሳውቅ መልእክት ነበር። ዝም ብላ ወደ ቢሮ ብትሮጥ ጥፋቷን የሚያውቅባት አልነበረም። እሷ ግን ከመዘምራኑ እጅ ማይክሮፎኑን ነጠቀች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት! ፓስወርዱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ! ውሃ እየመጣ ነው፣ ተነሱ! ዳሩን ያዙ!»

ካህናቱ ታቦቱን አንስተው ወጡ፣ ሕዝቡም ተከተለ። ወይዘሮ የሺመቤትን እኔና አንድ ዲያቆን ተሸከምናቸው። «ቀስ በሉ፣ የእህል ጆንያ አደረጋችሁኝ እንዴ?» እያሉ ይቆጡናል። ስንዱ ለዳምጤ ሰባት ጊዜ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው!

ዳምጤ ደግሞ ግድቡ ላይ ሞተሩ ሲነሳ ሰማ። የኮምፒውተሩን ስክሪን አየ፤ ማኅተሙ ትክክል ነው። ሕጉ የታሸገን ትእዛዝ የነካ ጠባቂ ከሥራው ይባረራል፣ ይከሰሳልም ይላል። «ዛሬ ከተራ ነው» አለ ለብቻው። «እናቴ አሸዋው ላይ ናት። ይህን የሚልክ የሾላ በር ሰው የለም።» መጥረቢያውን አንስቶ ሞተሩ በሩን የሚያነሳበትን ቺንጊያ በጠሰው። ከዚያ መዘውሩን በእጁ እያዞረ፣ መዳፉ ተልጦ እየደማ፣ በሮቹን መልሶ ዘጋ። እስከዚያ ድረስ ሁለት ስንዝር ተከፍተው ነበር።

ያ የሁለት ስንዝር ውሃ መጣ። ምንጣፉን፣ ወንበሩን፣ የኔንም አዲስ ጫማ ይዞ ሄደ። ወይዘሮ የሺመቤት ተቀምጠውበት የነበረው ቦታ ላይ እስከ ወገብ ደርሶ አለፈ። ሰው ተቆጠረ፤ ሙሉ ነው። ኧረ እንዴት ያለ እልልታ ነበር! ያልሳቀ የለም፣ ያላለቀሰ የለም። እኔም በባዶ እግሬ ስጨፍር አመሸሁ፤ ለጫማው እንኳ አላዘንኩም።

ጥምቀት ሲያልፍ ከተማው አንድ ካባ አሰፋ። አንድ ብቻ። ሽማግሌዎቹም ካባውን የሚለብሰው ሰው ከዚያ ወዲያ የግድቡ ጥበቃ እንዴት እንደሚሆን ይወስናል አሉ። ክርክሩ ያን ጊዜ ተነሳ።

ይታየው «መንገዱን ሌባ እንዳይደፍረው ያደረግሁት እኔ ነኝ። ፓስወርድ አደባባይ ላይ ሲሰጥ ሳይንስ ምን ያድርግ?» ይላል። ስልኩን ያስቀረው ግን እሱ ነው። ስንዱ «ያጠፋሁትን በሕዝብ ፊት ባልናገር ውሃው ተቀምጣችሁ ነበር የሚያገኛችሁ» ትላለች። በሩን ለሌባ የከፈተችውም እሷ ናት። ዳምጤ «ማኅተሙን ሁሉም አመነው፤ እኔ ግን ሰዉን አስቤ እጄን ሰነዘርኩ» ይላል። ባያኮርፍና ስልኩን ቢያነሳ ኖሮ ግን በሩን በጊዜ ይዘጋው ነበር። ደግሞስ ክረምት ላይ ግድቡ ሞልቶ እውነተኛ ትእዛዝ ቢመጣና እንዲሁ ቢጠራጠርስ?

ቢቸግራቸው እናቲቱን ጠየቁ። ወይዘሮ የሺመቤት ጉልበታቸውን እያሹ እንዲህ አሉ፦ «በዚያች ቀን ሦስት ጊዜ ልሞት ነበር። ጠዋት ድንኳን ሲተከል እዚያው አሸዋው ላይ ነበርኩና ይታየው አተረፈኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንዱ አተረፈችኝ። ዳምጤ በሩን ባይዘጋው ዳሩም አያድነኝም ነበር። ከየትኛው ሞት ያወጣኝን ነው የምሸልመው?»

ካባው ያለባለቤት ተሰቅሏል፣ ዘንድሮም ከተራ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ሴትዮዋም ከፊት ነው የምቀመጠው ብለዋል። በሉ እንግዲህ፣ እናንተ ብትሆኑ ካባውን በማን ትከሻ ላይ ትጥሉታላችሁ?