ቅልጥም የሌለው ቃል

በድሮ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ቃል ገና የጅብ ጥርስ ባልነካው ጊዜ፣ አንድ የተማረ ጅብ ነበረ። አያ ጅቦ ሆዳም ነው፣ ኩሩ ነው፣ ቃሉን ግን አያጥፍም። ሦስት ጅቦችንም ያስተምር ነበር።

"ቃል እንደ አጥንት ነው" ይላቸዋል። "ሰብራችሁ ቅልጥሙን ካላያችሁ፣ አወቅን አትበሉ!"

"አንልም፣ የኔታ!"

አንድ ቀን፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ከመንደሩ በታች ወንዝ ዳር እመት አህዪትን ብቻዋን አገኛት። መንገዷን ዘጋ። ለሀጩ ተዝረበረበ።

"እመት አህዪት፣ ዛሬ ራቴ ነሽ።"

እመት አህዪት የአያ ጅቦን አመል ግን ታውቃለች።

"እሺ፣ ጌታዬ። ለመሆኑ ራት ምን ማለት ነው?"

አያ ጅቦ ክው አለ። ለካ ይህን ቃል ሰብሮት አያውቅም!

"ራ" አለ በግራ መንጋጋው። "ት" አለ በቀኝ መንጋጋው። ቆርጠም፣ ቆርጠም። "ባዶ ነው!"

"ታዲያ እኔ ምንዎ ነኝ?"

"ዝም በይ! ረሃብ ይዞኛል፤ ይህን አውቃለሁ።"

"ረሃብስ ምንድን ነው?"

ቆርጠም፣ ቆርጠም፣ ቆርጠም። እሱም ባዶ። ሆዱ ግን ጮኸ።

"አንተ ደግሞ ዝም በል!" አለው ሆዱን።

"አንድ ቃል ብቻ ይስበሩልኝና ይብሉኝ" አለች አህዪት። "ሳይገባኝ አልሙት። ችግሩ፣ ካልጮኹት ሙሉ አይሆንም።"

"እንዴት ያለ እውቀት ወዳድ ራት ነው!" አለ አያ ጅቦ ደስ ብሎት። "ጩኺው!"

"ኡኡ! ኡኡ! ኡኡ!" ሸለቆው አስተጋባ።

አያ ጅቦ ዓይኑን ጨፈነ። "ኡ" በግራ። "ኡ" በቀኝ። ደጋግሞ አላመጠው። "ጉድ እኮ ነው! ቅልጥም የለውም። ምንም ማለት አይደለም።"

ዓይኑን ሲገልጥ መንደርተኛው ከቦታል፤ ዱላ የያዘ፣ ዘነዘና ያነሣች፣ ውሻ ያስከተለ።

"ቆይ፣ ቆይ! እነዚህ ቃሉን መቼ ሰበሩት?"

"አልሰበሩትም፣ አያ ጅቦ" አለች አህዪት። "ሮጡለት።"

ዘነዘናው ወገቡ ላይ አረፈ። የአያ ጅቦ አፍ ሳያስበው ተከፈተ።

"ኡኡ!"

ትርጉሙ ከጆሮው እስከ ጅራቱ ገባው።

ተማሪዎቹ ከወንዙ ማዶ ካለ ጉብታ ላይ ሆነው ሰሙ።

"የኔታ ቃል ሰጡን!" አለ አንደኛው።

"ኡ" አለ ሁለተኛው በግራ መንጋጋው።

"ኡ" አለ ሦስተኛው በቀኝ መንጋጋው። "ባዶ ነው።"

ተኙ።

አያ ጅቦ እንደምንም አመለጠ። ጅብ እያነከሰ የሚሄደው ከዚያ ወዲህ ነው።

አያችሁ ልጆቼ፣ ቃልን ያወቀ የሰበረው አይደለም፤ ሲጠራው ብድግ ያለ ነው። በሉ፣ ተረቴን መልሱልኝ፤ ሳትሰብሩት ግን!