የዳኘው ደም

ፊታውራሪ ጓንጉል ሕግ አዋቂ ሰው ነበሩ፤ ለዚህም የራሳቸው ቃል በቂ ማስረጃ ነበር። ዳኘው የሚባለው ውሻቸው አንድ እንጨት ፈላጭ ባላገር ላይ ተወርውሮ ጭኑን ዘነጠለው፤ ባላገሩም በመጥረቢያው አንዴ ቢለው ዳኘው በዚያው ቀረ። ፊታውራሪ ሦስት ቀን አዝነው በአራተኛው ሽማግሌዎች ሰብስበው ችሎት ተቀመጡ። ሌላ ሰው ማስቸገር ስላልወደዱ ከሳሹም ዳኛውም ራሳቸው ሆኑ።

«ነፍስን ለማዳን መግደል ይፈቀዳል» አሉ። «ግን ወግ አለው። መጀመሪያ ‹በሕግ አምላክ!› ብለህ ማስቆም ነበረብህ። ካላልክ መሬትህን ለቀህ ትሄዳለህ።»

«ብያለሁ ጌታዬ፤ አልቆመም።»

«ምስክር አለህ?»

«ለጊዜው የለኝም።»

«ቀጣፊ! ዳኘው በእጄ ያደገ ነው። የሚያውቀውን ሁሉ የተማረው ከእኔ ነው!»

«እሱንስ ማን ይክዳል» አለ ባላገሩ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን ጋቢው ውስጥ ደበቀ። ፊታውራሪ ነገሩ የገባቸው ዘግየት ብሎ ነው፤ ሲገባቸው ግን ዱላቸውን አንሥተው ተንደረደሩ።

«በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ ባላገሩ።

ዱላው አልቆመም፤ ትከሻው ላይ አረፈ።

ባላገሩ ትከሻውን እያሻሸ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «አባቶቼ፣ ምስክሬ ይኸው ደረሰ። ዳኘውን የበደለው አሳዳጊው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ዳኛው በችሎት ላይ ዱላ ስላነሡ ፍርዱ ለሽማግሌዎቹ ቀረ፤ እነሱም መሬቱን አጸኑለት። ፊታውራሪም ሌላ ቡችላ አመጡ፤ እሱንም ራሳቸው ናቸው የሚያሳድጉት።