ለማቅለጫ የታጩት ቸርኬዎች

ኮምቦልቻ ጋራዦች ሰፈር፣ አልቆለታል የተባለ ሰው ወይም ዕቃ ድንገት ደምቆ ብቅ ሲል፣ አንዱ ተነስቶ አንዲት አባባል ጣል ያደርጋል። ሰፈርተኛው ይስቃል። እንግዳ ግን ግራ ይገባዋል፤ የጦይባን ታሪክ አልሰማማ!

የጦይባ አባት አቶ ይመር በነጭ መርሴዲሳቸው የከተማውን ሙሽሮች ሲያመላልሱ የኖሩ ሹፌር ነበሩ። ሕመም ሲጥላቸው መኪናዋም ግቢ ውስጥ ቆማ ቀረች። ዝናብና ጭቃ ሲፈራረቁባት የአሉሚኒየም ቸርኬዎቿ አመድ መሰሉ።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ጋሽ ሙሄ መጡ። አሮጌ አሉሚኒየም እያቀለጡ ድስት የሚሠሩ ሰው ናቸው።

«አራቱን ቸርኬ ስጠኝና ሁለት ትልልቅ ድስት ላውጣላችሁ» አሉት የጦይባን ታላቅ ወንድም ከማልን።

ከማል ነገር አያሰላስልም፤ «ይሁን!» አለና እጅ ተማቱ። ጦይባ ከገበያ ስትመለስ ጋሽ ሙሄ ክሪኩን መኪናዋ ሥር ሲያስገቡ ደረሰች።

«ጋሽ ሙሄ! የአባዬን መኪና እግር ቆርጠው ወጥ ሊሠሩበት ነው?»

«ይሄ እኮ የሞተ ነገር ነው ልጄ። እይው፣ ፊት እንኳ አያሳይም።»

«ፊት ካሳየስ?»

ሰውየው ሳቁ። «ፂሜን ካየሁበት ቸርኬው ይቅርብኝ፤ ድስቱንም መርቄ እሰጥሻለሁ። እስከ ጁምዓ ጠብቄሻለሁ።»

ጦይባ ከአንዱ ቸርኬ የተላላጠውን አሮጌ ቫርኒሽ ፍቃ አነሳች፤ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ፈተገችና ቸኩላ የማወልወያ ቅባት ቀባችው። ከሩቅ አበራ። ቀረብ ሲሉት ግን ድመት የቧጠጠችው ይመስላል።

«ተይው በቃ» አላት ከማል፤ «ቃሌን አታሳጥፊኝ።»

ልቧ ተሰበረ። ይሄኔ አባቷ ከተቀመጡበት ደጃፍ ድምፅ አሰሙ፤ ከታመሙ ወዲህ ስለ መኪናዋ አንስተው አያውቁም ነበር።

«ሻካራው የጫረውን የሚያጠፋው ለስላሳው ነው፤ እሱም የጫረውን ከሱ የለሰለሰው። አትዝለይ ልጄ።»

እንደገና ጀመረች። ውሃ እያፈሰሰች፣ ወረቀቱን ከሻካራ ወደ ለስላሳ እየለወጠች ፈተገች። ጣቶቿ ተላጡ፤ ጥቁሩ ዝቃጭ እስከ ክርኗ ወረደ። በመጨረሻ በሱፍ ጨርቅ ስትወለውለው ከጥቁሩ ሥር ነጭ ብርሃን ወጣ።

«አባዬ! አባዬ፣ ና እይ!»

አራቱም ተወልውለው ካለቁ በኋላ፣ ጁምዓ ዕለት ጋሽ ሙሄ ከመስጊድ ሲመለሱ መጡ። ጎንበስ ብለው ቸርኬውን አዩ። ፂማቸውን አዩ። ፂማቸው ላይ የተንጠለጠለች የዳቦ ፍርፋሪም አዩና በጣታቸው አራገፏት።

«ወላሂ አሸነፍሽኝ!» አሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጦይባ… ልጄ ሃዋ ልትዳር ነው። በዚች መኪና ትሸኚልኛለሽ?»

ያፈረው ከማል እጅጌውን ሰብስቦ ሞተሩ ላይ ተደፋ፤ ሞተሩም በመጨረሻ ተነሳ።

የሠርጉ ቀን ጦይባ መሪውን ጨበጠች፤ አባቷ ከጎኗ፣ ሃዋ ከኋላ። አራቱ ቸርኬ ፀሐይ እየረጩ ሲያልፉ ጋራዡ ሁሉ መፍቻውን ጥሎ ወጣ፤ ያጨበጨበው አጨበጨበ፣ ያፏጨው አፏጨ። ጋሽ ሙሄም ከአጃቢው ፊት ፊት እየጨፈሩ ነበር። ይህን ጊዜ አቶ ይመር አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው፣ «ለድስት የታሰበ፣ ሙሽራ አጀበ!» አሉ።